የገዛሁት የቀድሞ የኪራይ ሞተርሆም ውሃ ያስገባል፤ ጥገናውን ከየት ልጀምር?

ጤና ይስጥልኝ። ለኪራይ ሲያገለግል የቆየ፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ሞተርሆም በቅርቡ ገዝቻለሁ። በሞተሩ ቅሬታ የለኝም፤ የኪራይ መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ቢሄድም የሰርቪሱ መዝገብ መኖሩ አንዱ ጥቅሙ ነው። ያስቸገረኝ የመኖሪያው ክፍል ነው።

ከሾፌሩ ወንበር በላይ ባለው አልጋ ጥግ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የውስጥ ግድግዳው ይርሳል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ልባሱም ቡናማ እድፍ ይዞ አብጧል። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ስመለከት፣ ጣሪያውና የፊት ግድግዳው የሚገናኙበት መጋጠሚያ በሲሊኮን ላይ ሲሊኮን ተደርቦበት፣ ጠርዙ ተላቆ አገኘሁት። አዲስ ማሸጊያ በአሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ ስለማይይዝ አሮጌው ተፍቆ መውጣቱ አይቀርም። ሆኖም ውሃ በእንጨት ማገሮቹ ላይ ተጉዞ ከገባበት ቦታ ርቆ ሊታይ ስለሚችል፣ የሚገባው ከመጋጠሚያው ይሁን ከጎኑ ካለው መስኮት ጎማ መለየት አልቻልኩም። በምን ዘዴ ልለየው? ደግሞስ ውጩን ከማሸጌ በፊት የውስጡን ልባስ ገንጥዬ የበሰበሰውን እንጨት ላውጣ፣ ወይስ መጀመሪያ ውጩን ላሽገው? አልጋው የሰው ክብደት የሚሸከም በመሆኑ፣ የእንጨቱ ጥንካሬ እንዴት እንደሚመረመር የሚያውቅ ባለሙያ ቢመክረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።