ስፔኖች ከኒው ሜክሲኮ ከተባረሩ በኋላ ለምን ተመለሱ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁዋን ደ ኦኛቴ በ1598 (ዘመኑን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ) ሰፋሪዎችን እየመራ ወደ ሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ሲገባ ብር አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ የሚያወላዳ ማዕድን ግን አልተገኘም። በ1680 የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የፑዌብሎ ሕዝቦች ተባብረው ስፔኖችን ካስወጡ በኋላ ይህን ድሃና ሩቅ አውራጃ መልሶ ለመያዝ ያን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?

ሰሎሞን፦ አውራጃው ለዘውዱ ከገቢ ይልቅ ወጪ የሚያመጣ ስለነበር የኦኛቴ ሙከራ ሲከሽፍ ሊተዉት አስበው ነበር። ያቆያቸው የፍራንሲስካን መነኮሳት ብዙ ሺህ ሰው አጥምቀናል ማለታቸው ነው፤ የተጠመቀ ሕዝብ ጥሎ መውጣት ለካቶሊክ ንጉሥ የሚቻል አልነበረም። ከ1680 በኋላ ደግሞ ፍርሃት ተጨመረ። ዐመፁ ወደ ደቡብ ተዛምቶ የፓራልን የብር ማዕድን አካባቢ አሰጋ፤ በ1685 ፈረንሳዊው ላ ሳል በቴክሳስ ጠረፍ ሰፈረ። በእኔ እምነት ኒው ሜክሲኮ የተፈለገችው ከበስተጀርባዋ ላለው ሀብት አጥር እንድትሆን ነው።

ሂሩት፦ የሰሎሞን ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም የተባረሩበት ምክንያት ሳይነገር መመለሳቸው አይገባንም። ሰፋሪዎቹ ኤንኮሚየንዳ በሚባለው ሥርዓት ከየመንደሩ በቆሎና ጨርቅ ያስገብሩ ነበር፤ ድርቁ በበረታባቸውና አፓቼ የሚባሉ አጎራባች ሕዝቦች በሚወርሯቸው ዓመታትም ግብሩ አልቀረም። በ1675 ገዥው 47 የሃይማኖት መሪዎችን አስይዞ ጥቂቶቹን ሲሰቅል ሌሎቹን አስገረፈ፤ ከተገረፉት አንዱ ፖፔ፣ የዐመፁን ቀን በቋጠሮ በሚቆጠር ገመድ ለየመንደሩ አስተላለፈ። 400 ያህል ስፔናውያን ተገደሉ፤ ከእነሱም 21ዱ መነኮሳት ነበሩ። የተረፉት ወደ ኤል ፓሶ ሸሹ።

የስፔኑ ገዥ ዲዬጎ ደ ቫርጋስ በ1692 የአውራጃውን ዋና ከተማ ሳንታ ፌን ያለ ውጊያ ስለያዘ «ያለ ደም የተመለሰ ግዛት» የሚሉት አሉ። ይህ ሊታረም ይገባል። በ1693 ሰፋሪዎችን ይዞ ዳግመኛ ሲመጣ ከተማውን አንለቅም ያሉትን ፑዌብሎዎች ወግቶ 70 ሰው አስገደለ፤ 400 ያህሉን፣ በአብዛኛው ሴቶችንና ሕፃናትን፣ ለአሥር ዓመት አገልጋይነት አከፋፈለ። በ1696ም ዳግመኛ ዐመፅ ተነሣ።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ዐመፁ ለፑዌብሎዎቹ ምንም አላስገኘላቸውም ማለት ነው?

ሂሩት፦ አስገኝቷል እንጂ። ኤንኮሚየንዳው በአውራጃው ተመልሶ አልተተከለም፤ መነኮሳቱም የቀድሞ አምልኳቸውን እንደ ድሮው ማሳደድ አልደፈሩም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፑዌብሎ ተዋጊዎች ኮማንቼ የሚባሉትን ወራሪ ሕዝቦች ለመመከት ከስፔኖች ጎን ይዘምቱ ነበር፤ ገዥው ሁዋን ባውቲስታ ደ አንሳም በ1786 ከኮማንቼዎች ጋር ሰላም አወረደ።