«ባለ 1 ኢንች ቱቦ» የሚለው ከጋራ ማዘዣችን ይውጣ

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ጀመዓ። የጋራ ግዢውን ሃሳብ ለማህበሩ ከማቅረባችን በፊት አንድ ነገር እንጨርስ። ማዘዣው ላይ «ቱቦ» የሚል ቃል ብቻውን አይጻፍ፤ የውሃ ፓይፕም፣ ቱቦላሬም (ለብየዳ ስራ የሚሆነው ውስጡ ባዶ ብረት) በሱ ይጠራል። ባለፈው የደረሰብኝን ሰምታችኋል። በስልክ «ባለ 1 ኢንች ቱቦ 12 በርጋ» አልኩ፣ ሱቁም ጭኖ ላከልኝ። እኔ ለውሃ መስመር ነበር የፈለግኩት። የመጣው ክብ ቱቦላሬ ነው፤ ውጪው 25 ሚሊ፣ ግድግዳው 1.5። መገጣጠሚያ የሚታሰርበትን ጥርስ ላወጣ ብሞክር የ1 ኢንቹ ጥርስ ማውጫ ብረቱን ሳይነክስ ዝም ብሎ ይዞራል። ኤልቦውማ (የማዕዘን መገጣጠሚያው) እላዩ ላይ ይዋልላል። ሱቁን ምን እለዋለሁ፣ ያልኩትን ነው የሰጠኝ።

ቧንቧ ሰራተኛ (ደሴ)፦
አይዞህ፣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። የብረት ፓይፕ ላይ «1 ኢንች» ስም ነው፣ ልክ አይደለም። ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) ብታደርግበት ውጪው 33.4 ሚሊ ነው። ግማሽ ኢንቹ 21.3፣ 2 ኢንቹ 60.3። ድሮ ስሙ ከውስጡ ስፋት ጋር ይቀራረብ ነበር። በኋላ ግድግዳው ሲሳሳ ጥርሱና መገጣጠሚያው እንዳይበላሽ ብለው ውጪውን እንዳለ ተዉት፣ የሰፋው ውስጡ ሆነ። ስሙና የውጪው ልክ የሚገናኙት ከ14 ኢንች ጀምሮ ነው፣ እሱን ደግሞ እኛ ሰፈር ማን ያዝዛል። ቱቦላሬ ግን 25 ካሉህ 25 ነው። ለዚህ ነው ለደረጃ መደገፊያና ለወንበር እግር የሚመቸው።

ነዳፊዋ (ኮምቦልቻ)፦
ውፍረቱንም ጨምሩበት እባካችሁ። ባለ 1 ኢንች ፓይፕ ስኬጁሉ (የግድግዳ ውፍረት ደረጃው) 40 ከሆነ ግድግዳው 3.38 ሚሊ ነው፣ 80 ከሆነ 4.55። ውጪያቸው አንድ ስለሆነ ከሩቅ አይለዩም፣ ጫፉን ካላያችሁ ትሸወዳላችሁ።

ጋሼ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር)፦
ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኢንች እያልኩ ነው የሰራሁት። ደንበኛው ሚሊ አያውቅም። አሁን ካሊፐር ይዤ ልዙርለት?

ብየዳ ቤት፦
ጋሼ፣ ደንበኛው እንደለመደው ይበል፣ እርስዎም ይበሉ። እኛ ወደ አቅራቢ ስንልክ ብቻ ነው ሚሊውን የምንጽፈው። የሰፈርዎ ስም ራሱ ቧንቧ ነው፣ እርስዎ ካልደገፉን ማን ይደግፈናል 😄

ፕላስቲክ መስመር (ደሴ)፦
የኛንም አትርሱ። ፒፒአርና ኤችዲፒኢ የሚባሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ስማቸው ፓይፕ ነው፣ አመላቸው ግን የቱቦላሬ ነው፣ የሚጠሩት በውጪ ልካቸው። የ1 ኢንቹ ምትክ ፒፒአር 32 ነው። 25 የወሰደ ሰው ሦስት ሩብ ኢንች ነው የገዛው፣ ከዚያ «ውሃው ቀጠነ» ብሎ እኔን ይወቅሰኛል። ለኛ ትልቁ ግን ግፊቱ ነው። ደሴ ቁልቁለት ናት። 10 ሜትር ቁመት ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ ታንከሩ ከቤቱ 60 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሲያድር መስመሩ 6 ባር ተሸክሞ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ፒኤኑ (የሚችለው ግፊት ደረጃ) 10 ይሁን 16 ማዘዣው ላይ ይጻፍ። በያጆች ይሄ አያሳስባችሁም፣ እኛን ግን ሌሊት የሚቀሰቅሰን እሱ ነው።

ነዳፊዋ፦
እሺ፣ ሃሳቡ ውስጥ እንዲህ ላስገባው፦ «ፈሳሽ ለሚያልፍበት ብረት፦ ፓይፕ፣ የኢንች ስሙ፣ የውጪ ልኩ በሚሊ፣ ስኬጁሉ። ለፕላስቲክ፦ የውጪ ልኩና ፒኤኑ። ለቱቦላሬ፦ ክብ ወይም አራት ማዕዘን፣ የውጪ ልኩ፣ የግድግዳው ውፍረት። ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ ከየዓይነቱ አንዱ በካሊፐር ይለካ።»

ቧንቧ ሰራተኛ፦
«ሳይወርድ» የምትለዋ እንዳትወጣ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ከተራገፈ በኋላ የመመለሻውን ኪራይ ማን ይችላል?

ጋሼ፦
እንዲህ ከሆነ ደግፌያለሁ። ኢንቹን ግን ከፊት ጻፉልኝ፣ ሚሊውን ከኋላ።

ብየዳ ቤት፦
ተስማምተናል ጋሼ። ሰኞ ረቂቁን አትሜ እመጣለሁ። ካሊፐር ያለው ይዞ ይምጣ፣ የኔን ከናንተው አንዱ ወስዶ አልመለሰም።