7ኛ ክፍል የገባው ልጄ ደብተር ማየት አስጠልቶታል፣ ምን ላርግ?

የሽምብጥ እናት፦ ሰላም ናችሁ ባህርዳሮች። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው፣ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ፣ እስከ 6ኛ ከክፍሉ ደህና ከሚባሉት ነበር። ዘንድሮ 7ኛ ከገባ ወዲህ ደብተርህን አምጣ ስለው ራሴን አመመኝ ይላል፣ ከትምህርት ቤት እንደወጣ አጎቱ አሳ የሚያወርድበት ሐይቁ ዳር ይሮጣል፣ እዛ ሲሆን እስኪመሽ ቢሰራ አይደክመውም። ተቆጣሁት፣ ከፍ ያለ ውጤት ካመጣህ ስልክ እገዛልሃለሁም አልኩት፣ ሁለቱም አልሆነም። ትናንት የሳይንስ ደብተሩን ብገልጠው ከ3ኛው ገጽ ወዲያ ርዕስ ብቻ እየጻፈ ነው የተወው፣ አንጀቴ ተላወሰ።

ጡረተኛ አስተማሪ፦ አይዞሽ እህቴ። ልጅሽ የሰነፈ አይመስለኝም፣ የጠፋበት ነው። 7ኛ ላይ ሒሳብና ሳይንሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ስንት ጎበዝ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ አይቻለሁ፣ ትምህርቱን እያወቀው ቃሉን ስላላወቀ አላውቅም ብሎ ይቀመጣል፣ ከዛ ማፈር ይመጣል፣ ራስ ምታቱም አንዳንዴ እሱ ነው። ማታ ማታ 1 አንቀጽ ብቻ ያንብብ፣ ያልገባው ቃል ላይ ያስምርና የአማርኛውን ጎኑ ይጻፍ፣ ከዛ በአማርኛ ያስረዳሽ። አንቺ ባትችይውም ግድ የለም፣ ሲያስረዳሽ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ታይዋለሽ። ከጎረቤት ልጅ ጋ ግን አታወዳድሪው በፈጠረሽ።

የፖሊ ተማሪ፦ እቴቴ ሐይቁን አትከልክይው። ከ3 ኪሎ ቀረሶ አሳ ቆዳና አጥንቱ ሲወጣ የሚተርፈው ስጋ 1 ኪሎ አካባቢ ነው አይደል፣ ይሄው ክፍልፋይ፣ እጁ የሚያውቀውን ወረቀት ላይ ያስፍረው። እኔም ሒሳብ የገባኝ አባቴ ሱቅ ሒሳብ ስይዝ ነው።

የ3 ልጆች እናት፦ ራሴን ካለ አይኑን አስመርምሪው፣ የኔዋ ሰሌዳው አይታያት ኖሮ ስንት ጊዜ በከንቱ ጮህኩባት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስልኩን ደግሞ አትግዢ፣ ያለችውን ሰዓትም ይበላበታል።

የሽምብጥ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ያላችሁኝን ሞከርኩ፣ ክፍልፋዩን ላዕልና ታህት (የላይኛውና የታችኛው ቁጥር) እያልኩ ስጠይቀው ቁጭ ብሎ ሰራልኝ፣ መጽሐፉ ላይ በእንግሊዝኛ ኒውመሬተር ዲኖሚኔተር የሚለው ጋ ሲደርስ ነው ዝም ያለው። እኔ እኮ ትምህርቱን የጠላ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን ቃል በእጁ ጽፎ ከአልጋው በላይ ለጠፈው። የቀረሶውንም ነገርኩት፣ አጎቴን እጠይቀዋለሁ ብሎኛል። ሐሙስ ከሰዓት አይኑን ላሳየው ነው፣ ለክፍል ኃላፊውም ፊት ወንበር እንዲያስቀምጥልኝ ነግሬያለሁ።