የጃቫ ኮምፓይለር «ከራሱ ፋይል ውጭ» እያለ ያስጠነቅቀኛል፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ሱቅ ትንሽ የሽያጭ ፕሮግራም በጃቫ እየሠራሁ ነው። ደረሰኝ.ጃቫ ውስጥ ፐብሊክ (ከየትም ሊጠራ የሚችል) የሆነው ክላስ ደረሰኝ ነው፤ ከሥሩ ቫትሂሳብ የሚባል ሌላ ክላስ አለ፣ ፐብሊክ የሚል የለውም። አሁን ሪፖርት.ጃቫ ውስጥም ቫትሂሳብን ስጠራው፣ ኤክስሊንት ኦል (ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ እንዲያሳይ የሚያዘውን ምርጫ) ስለከፈትኩ፣ «ረዳት ክላስ ቫትሂሳብ ከራሱ ሶርስ ፋይል ውጭ መጠራት የለበትም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ፐብሊክ ላድርገው ስል ደግሞ ጭራሽ ኤረር ሆነ። ፕሮግራሙ ግን በደንብ ይሠራል። ልለፈው?

የድሮ ኮደር፦
ኤረሩ የመጣው ፐብሊክ ክላስ በራሱ ስም የተሰየመ ፋይል ስለሚፈልግ ነው። ቫትሂሳብን ቆርጠሽ ቫትሂሳብ.ጃቫ ውስጥ አስገቢው፣ የፓኬጁን (ክላሶቹ የተመደቡበትን ቡድን) መስመር ከላይ ድገሚ፣ አለቀ። አንድ ፓኬጅ ውስጥ እስካሉ ድረስ ፐብሊክም ኢምፖርትም አያስፈልግም።

ማታ_ማታ፦
«ይሠራል» በሚለው አትታለይ እህቴ። የሚሠራው ሁሉንም ፋይል አንድ ላይ ስለምትሰጪው ነው። የክላስ ፋይሎቹን (ኮምፓይለሩ ያወጣቸውን) አጥፊና ሪፖርት.ጃቫን ብቻውን ኮምፓይል አድርጊ፤ ሪፖርት ውስጥ ደረሰኝ የሚል ስም ከሌለ ቫትሂሳብን አላገኘሁትም ይልሻል። ኮምፓይለሩ ያንን ስም ሲያይ የሚፈልገው ቫትሂሳብ.ክላስን ወይም ቫትሂሳብ.ጃቫን ነው፤ ደረሰኝ.ጃቫ ውስጥ እንዳለ ከየት ይወቅ? ከዚህ የባሰው ደግሞ አሮጌው የክላስ ፋይል እዚያው ሲቀመጥ ነው። ደረሰኝ.ጃቫ ላይ የቫቱን ስሌት ቀይረሽ ሪፖርትን ብቻ ኮምፓይል ብታደርጊ፣ ሪፖርቱ ያለምንም ኤረር በድሮው ስሌት ሊደምር ይችላል። ባለሱቁ እስኪነግርሽ አታውቂውም።

ጀማሪዋ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ደረሰኝ ብቻ የሚጠቀምበት መስመር የሚባል ሌላ ትንሽ ክላስም እዚያው አለ። እሱንስ?

የድሮ ኮደር፦
እሱ ላይ ማስጠንቀቂያ አይመጣም። እኔ ግን ደረሰኝ ውስጥ አስገብቼ ፕራይቬት ስታቲክ አደርገዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ስታቲክ የሚለውን አትርሺ፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ መስመር ያለ ደረሰኝ ኦብጀክት አይፈጠርም። ኢነም (የቋሚ እሴቶች ዝርዝር) ወይም ሬከርድ (ዳታ መያዣ ክላስ) ከሆነ ግን ራሱ ስታቲክ ነው።

ቡና_በኮድ፦
ማስጠንቀቂያውን ብቻ ማጥፊያም አለ፣ ግን ለእናንተ ፕሮጀክት አልመክርም፤ ማታ_ማታ የነገረሽ ችግር እዚያው ይቀራል። በነገራችን ላይ የክላስ ስም በአማርኛ ፊደል መሆኑ ደስ ይላል፣ ጃቫ ይቀበለዋል። ከ18 በፊት ያለ ጃቫ በዊንዶውስ ላይ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበትን ስልት) ዩቲኤፍ-8 ብለሽ ለኮምፓይለሩ ንገሪው።

ማታ_ማታ፦
አንድ ነገር ልጨምር። መስመርን ወደ ውስጥ ስታስገቢው የክላስ ፋይሉ ስም ደረሰኝ$መስመር.ክላስ ይሆናል፤ የድሮው መስመር.ክላስ ግን በራሱ አይጠፋም። ፎልደሩን አጽድተሽ ሁሉንም እንደገና ኮምፓይል አድርጊ።