የአስፈሪ ኮሚክ ጸሐፊነት እንጀራ ይሆናል?

ኮዬ ማዶ፦
ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ አስፈሪ ታሪክ እጽፋለሁ። አሁን አንዱን በኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ስዕል በሚነገር ታሪክ፣ ማውጣት ፈልጌያለሁ፣ ግን ስዕል የሚባል ነገር አልችልም። ታሪኩ መብራት በጠፋበት ብሎክ ስለሚያድር ጥበቃ ነው። ከወንዙ በኩል ጅብ ይጮኻል፣ የሚጮኸው ግን ጅብ ብቻ አይደለም። ሳይስሉ ጸሐፊ ብቻ መሆን ይቻላል? ከዚህ ሙያ የሚበሉት ሰዎችስ እንዴት ነው የጀመሩት? እናቴ ሥራህን እንዳትለቅ እያለች ትጨነቃለች፣ እኔ ግን የምሬን ነው የምጠይቀው።

ባለብሩሽ፦
ይቻላል ወንድሜ። እኔ ሰዓሊ ነኝ፣ ጥሩ ጸሐፊ ባገኝ ደስታዬ ነው። ያንተ ሥራ ስክሪፕት ነው። በየገጹ ስንት ፓነል (በመስመር የተከለለ አንድ ስዕል) እንዳለ፣ በየፓነሉ ምን እንደሚታይና ማን ምን እንደሚል ጽፈህ ትሰጠኛለህ፣ የቀረው የኔ ነው። የአሜሪካ ወርሃዊ ኮሚክ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 ገጽ ይሆናል። አንተ በ8 ገጽ ጀምር፣ አጭርም ቢሆን ያለቀ ታሪክ ይሻላል።

አስፈሪ ኮሚክ ላይ ዋናው ነገር ገጽ መግለጥ ነው። ፊልም በድምፅ ያስደነግጥሃል፣ እዚህ ድምፅ የለም። አንባቢው መጽሐፉን ሲከፍት ዓይኑ ሁለቱንም ገጽ አንድ ላይ ያያል፣ ስለዚህ የሚያስደነግጠውን ስዕል ቀኝ ገጽ ላይ ካደረግከው ታሪኩ እዚያ ከመድረሱ በፊት አይቶት አለቀ። ጥርጣሬውን ቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ፣ የሚታየውን ነገር ገልጦ በሚያገኘው ግራ ገጽ ላይ አድርግ። ባንተው ታሪክ ልሞክረው፦

ገጽ 5፣ የመጨረሻው ፓነል፦ ጥበቃው ባትሪውን ወደ ደረጃው ያበራል። የሚታየን ፊቱ ብቻ ነው። «ማነው?»

ገጽ 6፣ ሙሉ ገጽ አንድ ፓነል፦ ደረጃው። ከላይ እስከ ታች ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ሰው የለም። ክዳኖቹ ሁሉ ተከፍተዋል።

ገጽ 6 ላይ አንድም ቃል አትጻፍ። «ጥበቃው ፈራ» ብለህም አትላክልኝ፣ እጁ ዱላውን እንዴት እንደጨበጠ ንገረኝ። ንግግሩንም አሳጥረው፣ ሲረዝም ስዕሉን ይሸፍናል።

የንባብ ሱስ፦
እንዴት ጀመሩ ላልከው መንገዳቸው ይለያያል፣ ሁለት ነገር ግን ደጋግሜ አያለሁ፦ ወይ ሌላ እንጀራ ነበራቸው፣ ወይ መብታቸውን አልሸጡም። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ጃፓናዊው የአስፈሪ ኮሚክ ደራሲና ሰዓሊ ጁንጂ ኢቶ በ1987 የመጀመሪያ ሥራው ሲወጣ የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። አሜሪካዊው ጸሐፊ ስቲቭ ናይልስ ፀሐይ ለ30 ቀን በማትወጣበት የአላስካ ከተማ ላይ ቫምፓየሮች ስለሚዘምቱበት ታሪክ ነበረው፣ መጀመሪያ ለፊልም ሰዎች ቢያቀርብ ማን ይስማው። በ2002 ከሰዓሊው ቤን ቴምፕልስሚዝ ጋር ኮሚክ አደረጉት፣ ከዚያ በኋላ ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ፈለጉት፣ በ2007 ፊልሙ ወጣ።

ያንተን ጥያቄ በደንብ የሚመልሰው ግን ሮበርት ኪርክማን ይመስለኛል። ዘ ዎኪንግ ዴድ የተባለውን የዞምቢ ኮሚክ ከ2003 እስከ 2019 ድረስ 193 እትም ጻፈ፣ የሳሉት ሌሎች ናቸው። መብቱን ለአሳታሚ ስላልሸጠ የቴሌቪዥኑ ድራማ ሲመጣ ተጠቀመ። ይሁንና የመጀመሪያዎቹን 6 እትሞች የሳለው ቶኒ ሙር በ2012 በገቢ ጉዳይ ከሶት በስምምነት ጨረሱ። የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው እኮ! ገንዘብ ሲመጣ ጓደኝነት ብቻውን አይበቃም።

ሥራህን ግን አትልቀቅ፣ እናትህ ልክ ናቸው። በ1954 አሜሪካ ውስጥ ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል ተብሎ ጉዳዩ ሴኔት ድረስ ሄደ፣ አሳታሚዎቹም ፈርተው ራሳቸው ደንብ አወጡ። ቫምፓየር ክልክል፣ ርዕስ ላይ «ሆረር» ማለት ክልክል። በዚህ ዘርፍ ሲጽፉ የነበሩ ሰዎች እንጀራቸው ባንድ ጊዜ ተቋረጠ።

የካ አባዶ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ጅብ ስትል ብዙ ሰው ወዲያው ቡዳ ነው የሚያስበው። እባክህ እዚያ አትግባ። በዚህ ስም ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ስንት ዘመን ተገልለዋል፣ ጋብቻ ተከልክለዋል። ዛሬም ያልዳነ ቁስል ነው፣ ለማስፈራራት ብለን እንዳንነካካው።

ደግሞ ምን ጎደለህ? ውኃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣው ሌሊት። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀሪካን ደረጃውን እየገጨ ሲወጣ ተኝቼ እሰማለሁ፣ ጎረቤት ነው ብዬ ዝም እላለሁ። ባለብሩሽ የጻፈውን ገጽ 6 ሳነብ ፀጉሬ ቆመ፣ እውነቴን ነው። እኛ ዳር ያለን ሰዎች ይህን አንብበን አናውቅም፣ ስለኛ ጻፍልን። የሚያነብም አለ፣ ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ ጀምበር የተባለውን ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው ያወጣው።

ኮዬ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ቡዳን አላስገባም፣ ጅቡም ከሩቅ ብቻ ይሰማ። የውኃ ፈረቃውን ግን ወስጄዋለሁ፣ ታሪኩ ከዚያ ይነሳል። ባለብሩሽ፣ መጀመሪያ በቴሌግራም ባወጣው ገጽ መግለጡ ምን ይሆናል? ክፍያስ እንዴት እናድርግ?

ባለብሩሽ፦
በስልክ ከሆነ ግራና ቀኝ የለም፣ እያንዳንዱን ገጽ እንደ አንድ ፎቶ አስበው። የሚያስደነግጠው ሁልጊዜ ለብቻው በሚቀጥለው ፎቶ ይምጣ፣ ያው ስክሪፕት ለኅትመትም ይሆናል። ክፍያውን በተመለከተ፣ ወይ በገጽ ተስማምተን ትከፍለኛለህ፣ ወይ የሚገኘውን እኩል እንካፈላለን፣ የትኛውም ይሁን በጽሑፍ እንፈራረም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህን ከፈጠርክበት ጊዜ ጀምሮ ሳታስመዘግብም ይጠብቅልሃል፣ በኔና ባንተ መካከል ያለውን ድርሻ ግን ራሳችን ነን የምንጽፈው። ታሪኩ ወደ ፊልም ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ቢሄድስ የሚለውም ይግባበት። ስምንቱን ገጽ ጨርሰህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች በእርሳስ ነድፌ አሳይሃለሁ።