150 ካሬ ወይስ ፎቅ? ማህበራችን ተጨንቋል

መምህሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስኪ ምክር ስጡኝ። 24 ሆነን በቤት ማህበር ተደራጅተን ቦታ የምንጠብቅ ነን፣ አብዛኞቻችን አስተማሪና የጤና ባለሙያ ነን። ከተማዋ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ናት፣ ስሟን ተዉት። ብራችን ዝግ ሂሳብ ውስጥ ከገባ ቆየ። ያኔ ግድግዳ ድረስ ያደርሰናል ያልነው ዛሬ ከመሠረት አያወጣንም። አሁን ሁለት ምርጫ መጣ። አንደኛው እንደ ድሮው ለየራሳችን 150 ካሬ፣ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ። ሄደን ስናየው ጤፍ የተዘራበት ማሳ ነው፤ መንገድ የለው፣ ውሃ የለው፣ መብራት የለው። ሁለተኛው፣ መሃል ከተማ ያረጁ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ባዶ የቀረ የማዘጋጃ ግቢ አለ፣ እሱን በጋራ ወስደን ባለ ሁለት ፎቅ እንድንሠራበት ነው። ማህበሩ ለሁለት ተከፍሏል። "መሬት የሌለው ቤት ምን ቤት ነው" ባዮች አሉ፣ ዋናው ባለቤቴ ነው። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትወስዳላችሁ?

ፌሮ፦
ዓይናችሁን ሳታሹ መሃሉን። ሒሳቡን ልንገርሽ። 24 ጊዜ 150 ካሬ 3600 ነው፣ የውስጥ መንገዱንና የጎርፍ ቦዩን ሳይጨምር። ባለ 70 ካሬ ቤት በየወለሉ ስምንት ስምንት ብትደረድሩ ግን በምድርና በሁለት ፎቅ 24ታችሁም ትገባላችሁ። መሬት ላይ የሚያርፈው 560 ካሬ ነው፣ ከነደረጃውና ከነኮሪደሩ ቢበዛ 700። አንድ ጣሪያ፣ የጋራ ግድግዳ፣ አንድ የውሃ መስመር። ዳር ብትወጡ 24 አጥር፣ 24 ሴፕቲክ ታንክ ነው። ሰው ቦታው በርካሽ ተገኘ ብሎ ይደሰትና ለመብራት ምሰሶ አዋጡ ሲባል ነው የሚባንነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው፤ 150 ካሬውም የሱ አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሊዝ አዋጁ 721/2004 ለመኖሪያ የሰጠው 99 ዓመት ነው፣ ለራስ አገዝ ቤትም ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በፎቁም በማሳውም የምትይዙት ሊዝ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ዳር ላይ አንድ ክፍል ቀልሰሽ ትገቢና ሌላውን ቀስ እያልሽ ትሠሪያለሽ። ፎቅ ላይ እንዲህ የለም። ሰባት ሰዎች መዋጮ ካቆሙ ብረቱ ዝናብ እየመታው ይዝጋል፣ 24ታችሁም ኪራይ ቤት ትቀራላችሁ። ስለዚህ ያልከፈለ ሰው ምን እንደሚደረግ ቁፋሮ ሳይጀመር ተፈራረሙ።

የገበሬ ልጅ፦
ያ ጤፍ የተዘራበት ማሳ ባለቤት አለውኮ። የኛም እንደዛው ነበር። ችካል ሲተክሉበት ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፣ አባቴ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አላለም። ካሳው በአዋጅ 455/1997 ነው የተሠራው፤ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተይዞ በአሥር ይባዛል። በጆሮ ሲሰሙት ብዙ ነው፣ እጅ ላይ ሲገባ እንደ በረዶ ነው። አዋጅ 1161/2011 ተክቶት ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል ይላል፣ ደግ። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ግማሹ ቦታ ቤት አልተሠራበትም፣ ባህር ዛፍ ተተክሎበት ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ቤት ላይሠሩበት ጤፉን ምን አስነቀላቸው?

አራተኛ ፎቅ፦
ወንዶቹ ስለ ካሬ አወራችሁ፣ ስለ ምጣድ ማን ያውራ? እኔ ኮንደሚኒየም ነው የምኖረው። እህቴ፣ እንጀራ የት ትጋግሪያለሽ? የፋሲካ ጠላ የት ይጠነሰሳል? በጉስ? ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ የት ይተከላል? ዲዛይን ከመሠራቱ በፊት ይህን ጠይቂ። እኛ ግቢ የጋራ ማዕድ ቤት ተሠርቶልን ነበር፣ አሁን የአንድ ሰውዬ ቆርቆሮ ማስቀመጫ ሆኗል። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ ምድር ያሉት ይጮኻሉ፣ እኛ ላይ ያለነው አልሰማንም (እውነቴን ነው፣ እኔም አንዷ ነኝ)። የጋራ ሕንፃ አዋጁ 370/1995 የባለቤቶች ማህበር ይቋቋም፣ የጋራ ወጪውን ሁሉም ይካፈል ይላል፤ በር እያንኳኳ ብር የሚሰበስበው ግን አዋጁ አይደለም፣ ጎረቤትሽ ነው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ፤ የፈረሱት የቀበሌ ቤቶች ውስጥ የነበሩት የት ገቡ? የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በወረሰው በ1967ቱ አዋጅ ወደ ቀበሌ የሄደው ኪራዩ 100 ብር ያልሞላው ቤት ነው። ያጣ የነጣው ነው የሚኖርበት።

መምህሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተከራዮቹን ነገር ማንም አላነሣውም፣ እኔም ጭምር። ጠይቄ መጣሁ። አራት ቤተሰብ ነበሩ፣ ሦስቱ ሌላ የቀበሌ ቤት አግኝተዋል። አንዲት ጠላ ሻጭ እናት ግን ከግቢው ጥግ በላስቲክ ከልለው እዚያው አሉ። የእሳቸው ነገር ሳያልቅ አንፈርምም ልል ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለን። የመዋጮውን ውልና የማዕድ ቤቱንም አነሣለሁ።

ባለቤቴ ሁሉንም አንብቦታል። "ምድር ላይ ያለው ከደረሰን እስማማለሁ" አለ። ደውዬ ስጠይቅ እስካሁን 15 ሰው ምድሩን ይፈልጋል። ያለው ስምንት ነው።

ፌሮ፦
ዕጣ!