ዩ-571 የተባለው ፊልም ምን ያህል እውነት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ዩ-571ን አየሁት። አሜሪካኖቹ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብተው ኢኒግማ የምትባለውን የምስጢር መጻፊያ ማሽን ሲወስዱ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የጨረስኩት። ግን ይሄ ነገር በእውን ተደርጓል? የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦
ተደርጓል፣ ያደረጉት ግን እንግሊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1941፣ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ። ቡልዶግ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብና አጋሮቿ ዩ-110 የምትባለውን የጀርመን ሰርጓጅ መትተው ከውሃ በላይ አወጧት፤ ጀርመኖቹም መስመጧ አይቀርም ብለው ጥለዋት ዘለሉ። አልሰመጠችም። ዴቪድ ባልም የሚባል የ20 ዓመት መኮንን ጥቂት መርከበኞች ይዞ በጀልባ ሄደ። መሰላሉን በሁለት እጅ ካልያዙ መውረድ ስለማይቻል ሽጉጡን ወደ አፎቱ መልሶ ነው የወረደው፣ ከታች ማን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ። ማንም አልነበረም። የኮድ መጻሕፍቱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አወጡ፣ ማሽኗንም ከተገጠመችበት ፈቷት። ዩ-110 በማግስቱ ስትጎተት ሰመጠች። ጀርመኖች ምን እንደተወሰደባቸው አላወቁም።

መልስ 2፦
እኔን የሚያናድደኝ የዩ-559 ታሪክ መረሳቱ ነው። ኦክቶበር 1942፣ ሜዲትራኒያን ላይ፣ በሌሊት። ቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር የሚባሉ እንግሊዛውያን እየሰመጠች ባለችው መርከብ ውስጥ ገብተው የኮድ መጻሕፍቱን ለቶሚ ብራውን ሲያቀብሉ ቆይተው፣ መርከቧ ድንገት ይዛቸው ወረደች። ብራውን ተረፈ። ገና 16 ዓመቱ ነበር፣ መርከባቸው ላይ ካንቲን ውስጥ የሚሠራ ልጅ! ለወራት የጀርመን ሰርጓጆችን መልእክት ማንበብ አቅቷቸው የነበሩት የብሌችሊ ፓርክ፣ ማለትም የእንግሊዝ የኮድ መፍቻ ማዕከል ሰዎች መንገዱን መልሰው ያገኙት በእነዚያ መጻሕፍት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ የሌለ መፍጠር ለምን አስፈለገ? ፊልሙ በ2000 ሲወጣ ጉዳዩ እንግሊዝ ፓርላማ ደርሶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌርም ለመርከበኞቹ መታሰቢያ ስድብ ነው በሚለው ተስማምተዋል። መጨረሻው ላይ እውነተኞቹን የሚጠቅስ ጽሑፍ አለ፣ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ካሳዩ በኋላ አይበቃም።

መልስ 3፦
ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልጨምር፦ እውነተኛዋ ዩ-571 ተማርካ አታውቅም። በጃንዋሪ 1944 ከአየርላንድ በስተምዕራብ የአውስትራሊያ አየር ኃይል አውሮፕላን ነው ያሰጠማት፣ አንድም የተረፈ የለም። አሜሪካኖች ዩ-505 የምትባለውን ሌላ የጀርመን ሰርጓጅ የማረኩት ደግሞ በዚያው ዓመት ጁን ላይ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ወዲያ ነው። ቺካጎ ያላችሁ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ሄዳችሁ ውስጧ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።